ለሴቶቹ ያልታደሰ በረዶ

ኦረስት ሃለዊች ማክሰኞ ረፋድ ላይ የደም ግፊቱን ሊለካ ወደ ክሊኒኩ ሲገባ፣ ጄኒን ፔልቲየን እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀምጣ አገኛት። እሷ በከተማው የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ሴቶች ልጆችን የምታሠለጥን መምህርት ናት፤ እሱ ደግሞ የዚያው አዳራሽ በረዶ ጠባቂ። በትንሿ ከተማቸው በስፕሩስ ቤንድ የበረዶ ማደሻ መኪናውን ሠላሳ አንድ ክረምት የነዳው እሱ ነው። መኪናው የተቆራረጠውን በረዶ ይልጋል፤ ሙቅ ውሃ ያፈስበታል፤ ውሃው ሲረጋ ሜዳው አዲስ ይሆናል። ኦረስት በሥራው ይኮራ ነበር፤ መኩራትም ይገባው ነበር፣ ከአንድ ነገር በቀር።

"ደህና ነሽ ልጄ? ምን አግኝቶሽ ነው?" አላት አጠገቧ እየተቀመጠ።

"እኔስ ደህና ነኝ ጋሼ። ቴሳ ናት። ትናንት ልምምድ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ፤ ጄሶ እያሰሩላት ነው።"

"ወይኔ! እንዴት ወደቀች?"

"የጫማዋ ስለት ወንዶቹ የቆፈሩት ቦይ ውስጥ ገብቶ።"

በዚያ አዳራሽ መጀመሪያ ወንዶች ልጆች፣ ቀጥሎ ሴቶች ልጆች፣ በመጨረሻም ቦርጫሞቹ ሽማግሌዎች ይጫወታሉ። መኪናው የሚወጣው ከወንዶቹ በፊትና ከሽማግሌዎቹ በፊት ነው። ሴቶቹ ወንዶቹ ባረሱት ላይ ይገባሉ። ይህን ማንም አልደነገገውም፤ ከኦረስት በፊት የነበረው ሰውዬ እንዲህ ያደርግ ነበር፣ እሱም ቀጠለ። አብረውት ያረጁትን ነገር ትክክል ነው ብሎ ማመን እንዴት ይቀላል!

"ሴቶቹ ቀላል ናቸው እኮ፤ በረዶ አይቆርጡም" አለ ኦረስት።

"እነሱ ቆረጡት መቼ አልኩ ጋሼ? የተቆረጠ ላይ ገቡ ነው ያልኩት።"

"ወንዶቹ እኮ ነገ ትልቅ ቡድን ሊገቡ ይችላሉ።"

"ሽማግሌዎቹስ? አቶ ዱዌይን በዚያ ቦርጩ የትኛው ቡድን ሊገባ ነው?"

ኦረስት ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ፊቱን ኮስተር አደረገ።

"እነሱማ ትንሽ ከሻከረባቸው ጩኸታቸው አይቻልም።"

"እና ያልጮኸ ሰው እጁ ይሰበር?"

"አትቆጪ እንጂ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሴት ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ሆኪ ይሰለቻታል። የኔዋን ላሪሳን ውሰጃት። በዚህ ከተማ ከወንድም ከሴትም የሚደርስባት አልነበረም። አንድ ቀን ተነስታ በቃኝ አለች። እኔ ነኝ እንዴ ያስተውኳት?"

ይህን ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያወራው ኖሯል፤ የሰማው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ይስማማለት ነበር። ጄኒን ግን አልነቀነቀችም።

"ለምን እንደተወችው ጠይቀዋታል?"

"ምኑ ይጠየቃል? ሰለቻት አልኩሽ እኮ።"

"እሷ ናት ያለችው ወይስ እርስዎ?"

ጄኒን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፦ "ያሉኝ ዘጠኝ ልጆች ናቸው። የቴሳ እናት ከእንግዲህ አትጫወትም ብላኛለች። ስምንት ከሆኑ ቡድኑ ይፈርሳል፤ ከዚያ 'አያችሁ፣ ሰለቻቸው' ይባላል። የምለምንዎት ዋንጫ አይደለም ጋሼ፤ በረዶውን የሚያድሱበት አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው።"

ነርሷ ጠርታ ስትለካው ግፊቱ ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር። ቤቱ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ካልጋሪ ለምትኖረው ልጁ ደወለላት።

"አባዬ? ምን ሆንክ?"

"ምንም አልሆንኩ። ሆኪውን ለምን ተውሽው?"

"ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?"

"ዛሬ ነው። ዘግይቻለሁ ልጄ።"

"ከልምምድ ስወጣ መስታወቱ ጋ ቆሜ አይህ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ስትነዳ ጥጋጥጉን ሳይቀር ሁለቴ ትመለስበታለህ። እኔ ከመግባቴ በፊት ግን አንድም ቀን ነድተህ አታውቅም። አባቴ ያልነዳልኝን ማን ይነዳልኛል አልኩና ተውኩት።"

ይቅርታ ጠየቃት። እሺ አለችው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ እሱን የጎዳው ይኸው ነበር።

በማግስቱ የቴሳ እናት ቤት ሄዶ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጅሽን አታስቀሪያት" አለ። ሐሙስ ዕለት ወንዶቹ እንደወጡ መኪናውን አስነሳ። ሽማግሌዎቹ አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይተው ስለገቡ አጉረመረሙ፤ ማጉረምረሙ ሲደክማቸው ተጫወቱ። ቴሳ ጄሶው ሲፈታላት ተመለሰች። በሚቀጥለው ክረምት ሴቶቹ አሥራ ሰባት ሆኑ፤ መውደቅ ባይቀርም ሌላ ሰው በቆፈረው ቦይ የሚወድቅ ጠፋ። ወንዶቹም ምንም አልጎደለባቸውም፤ እንዲያውም ተራቸውን ጨርሰው እህቶቻቸውን ቁጭ ብለው ማየት ጀመሩ። ሴቶቹ ለሠላሳ አንድ ዓመት የተነፈጉት ነገር ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ የሚያንገበግበውም ቀላልነቱ ነው።

በዚያው ክረምት ላሪሳ ለገና መጣች። ኦረስት አዳራሹን በጠዋት ከፍቶ፣ ጥጋጥጉን ሁለት ሁለቴ ተመልሶበት፣ በቁጥሯ የገዛውን የበረዶ ጫማ አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ጠበቃት። በረዶው ላይ አንድ ጭረት እንኳ አልነበረም።

"ያምራል አባዬ" አለችው ላሪሳ፣ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ። ከዚያ ጫማው አጠገብ ተቀመጠች፤ ሴቶቹ ልጆች ለልምምድ እስኪመጡ ድረስም አንስታ አላጠለቀችውም።