አራተኛዋ ካንዴላ

(ጳጉሜ ሁለት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፤ ድሬዳዋ፣ በጋሽ ሽብሩ ጋራዥ። ነርሷ ሲስተር እልፍነሽ ከሟች አባቷ በቀረችው «ዳማ» በምትባል አሮጌ ፔጆ ቦንጋ ወዳለው ወንድሟ ወደ አድማሱ ልትነሣ ጓዟን ጭና መጥታለች፤ የመኪናዋ ኮፈን ግን ከጠዋት ጀምሮ እንደተከፈተ ነው።)

እልፍነሽ፦ ጠዋት «ቺንጊያዋ ተሰንጥቋል» አሉኝ፤ አባዬ ትርፍ ሳይይዝ ወጥቶ አያውቅምና ከኋላ ሻንጣዋ አውጥቼ ሰጠሁዎት። ቀትር ላይ «ፍሬኗ ላልቷል» አሉኝ፤ አብረን ገፍተን ሞከርናት፣ ቀጥ ብላ ቆመች። አሁን ደግሞ ምን ሊሉኝ ነው ጋሽ ሽብሩ? ጥርስ እያበቀለች ነው?

ሽብሩ፦ በዚህ ዕድሜዋ ብታበቅል እኔም ተስፋ ባደረግሁ ነበር።

እልፍነሽ፦ አይቀልዱብኝ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። የደንገጎን ዳገት በብርሃን ወጥቼ ቁልቢ ማደር አለብኝ፤ ነገ አዲስ አበባ፣ ከነገ ወዲያ ጅማ፣ ከዚያ ቦንጋ። ለእንቁጣጣሽ እደርሳለሁ ብያለሁ።

ሽብሩ፦ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ምን ቀረው ልጄ! ይቺ ደግሞ ቆጣሪዋ አራት ጊዜ ዞሮ ከዜሮ የጀመረ አሮጊት ናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚባለው።

እልፍነሽ፦ እኔ ቸኮልኩ? ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ የተኛችው ምን ልትሆን ነበር? ሞተሯን አወረዱ፣ ጠፍቶ የነበረውን ዕቃ ከጅቡቲ አስመጡ፣ ራዲያተሯን አስበየዱ። «ዝናቡ ይርገብ» አሉ፣ ጠበቅሁ። ትናንት ማታ እርስዎ ራስዎ ደውለው «ዳማ ሙሽራ ሆናለች፣ ነገ ትነሻለሽ» አላሉኝም?

ሽብሩ፦ ብያለሁ።

እልፍነሽ፦ ታዲያ ሙሽራ በአንድ ሌሊት ታረጃለች?

ሽብሩ፦ ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል። ነገ ሩፋኤል ነው። ሰማይ በሚከፈትበት ቀን ጠዋት በጸበሉ ዝናብ ትጠመቂና በረከት ይዘሽ ትነሻለሽ። አንድ ሌሊት ምንድን ናት?

እልፍነሽ፦ ለእርስዎ አንድ ሌሊት ናት። እኔ አስራ አንድ ዓመት ቆጥሬ የመጨረሻዋ ላይ ነኝ።

ሽብሩ፦ አውቃለሁ።

እልፍነሽ፦ ቢያውቁማ ኮፈኑን ዘግተው ይሸኙኝ ነበር። ሽማግሌው እርስዎ አይደሉም? በሐምሌ «አድማሱን ናፍቀሽዋል፣ ታርቄአታለሁ ብሏል፤ ብቻ ዳማን ይዛልኝ ትምጣ» ብለው የመጡት እርስዎ አይደሉም? አውቶቡስማ ሞልቷል፣ አውሮፕላንም አለ። ያለ እሷ አልሄድም ያልኩት ዕርቁ በእሷ ስለሆነ ነው።

ሽብሩ፦ በእሷ ነበር ጠቡም።

እልፍነሽ፦ በእሷ ነበር። በአባዬ ተዝካር ማግስት እሱ «ትሸጥ፣ መቃብሩን እናሠራ» አለ። እኔ «አባዬ የተቀመጠባትን ሌላ ሰው አይቀመጥባትም» አልኩ። ጎህ ሳይቀድ ቁልፉን ከትራሱ ሥር አንሥቼ ነዳሁ። በሩ ላይ ወጥቶ «ጎማሽ ተመልሶ ይህን ጭቃ እንዳይነካ!» ሲል ሰማሁት። ሰምቼ በመስኮት ምን እንዳልኩት ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሽብሩ፦ አትንገሪኝ። ለንስሐ አባትሽ ይሁን።

እልፍነሽ፦ ለእሱ ነው የምነግረው። ሌሊቱን ስለማመድ ነው ያደርኩት። «አድሜ፣ ቁልፉ ይኸው፤ ዛሬ አንተ ንዳ፣ እኔ ከጎን እቀመጣለሁ» እለዋለሁ። ልጆች ሳለን ከፊት ወንበር ማን ይቀመጥ ብለን ተቧጭረናል። አባዬ ሁለታችንንም ከኋላ ይወረውረንና ፊት ላይ የቡና ጆንያ ያስቀምጥ ነበር። «ይሄ አይጣላም» እያለ።

ሽብሩ፦ አይ ወልደየስ! ነፍሱን ይማርና፣ አሰብ መንገድ ላይ እኔንም ስንት ጊዜ በጆንያ ቀይሮኛል መሰለሽ።

እልፍነሽ፦ ይኸው አንድ ኪሎ ሐልዋ ገዝቼለታለሁ። እንደዚያ ጣፋጭ ሲወድ፣ አሁንም አልተወ ይሆን?

ሽብሩ፦ …ከፀሐይ አንሺው፣ ይቀልጣል።

እልፍነሽ፦ ጋሽ ሽብሩ፣ ቀና ብለው አይመልሱልኝም?

ሽብሩ፦ ዘይቷን እያየሁ ነው።

እልፍነሽ፦ ዘይቷን ከጠዋት ጀምሮ አምስት ጊዜ አዩዋት። ደም ብትሆን እንኳ እንዲህ አትመረመርም። ይልቅ አንድ ነገር ያድርጉልኝ፤ ይደውሉለትና «እህትህ ተነሥታለች» ይበሉት። ቁጥሩ እርስዎ ጋ ነው። እኔ ድምፁን በስልክ አልጀምረውም፣ ፊቱን እያየሁ ነው የምፈልገው።

ሽብሩ፦ ኔትወርክ የለም።

እልፍነሽ፦ አሁን ስገባ እያወሩበት አልነበረም?

ሽብሩ፦ ያኔ ነበረ።

እልፍነሽ፦ እኔን አይቶ ጠፋ?

ሽብሩ፦ የድሬ ኔትወርክ እንደ ደቻቱ ጎርፍ ነው፤ ሲመጣም ሲሄድም ለማን ይናገራል?

እልፍነሽ፦ እሺ። አቶ ተሰማስ? በር ላይ ተላልፈናል። የእድራችን ሰብሳቢ እዚህ ምን ያደርጋሉ? መኪና የላቸውም።

ሽብሩ፦ ብስክሌታቸውን ሊያስነፉ።

እልፍነሽ፦ ብስክሌት! ባለፈው ዓመት ወድቀው ጉልበታቸውን እኔው አሽጌላቸው፣ «ከእንግዲህ ጎማ ያለው ነገር ላይ ብወጣ» ብለው በመድኃኔዓለም ምለዋል። እኔን ሲያዩኝ ደግሞ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለእኔ! ለነርስ ማን ባርኔጣ ያወልቃል?

ሽብሩ፦ ጨዋ ሰው ናቸው።

እልፍነሽ፦ የእርስዎ ሬዲዮስ? የጋራዡ ሬዲዮ ተዘግቶ አይቼ አላውቅም። እርስዎም ከጠዋት ጀምሮ አንዲት መዝሙር አላጉረመረሙም። ቆይ… ይኼ ምንድን ነው? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ጋሽ ሽብሩ፣ አራት ቀዳዳ ሦስት ካንዴላ። እሳት የምትጭረው አራተኛዋ የት ሄደች?

ሽብሩ፦ እየጠረግሁልሽ ነው።

እልፍነሽ፦ በምን? በኪስዎ ጨርቅ? ከጠዋት ጀምሮ ግራ እጅዎ ከኪስዎ አልወጣም።

ሽብሩ፦ ልጄ፣ እስከ ነገ ጠዋት ታገሺኝ። በአባትሽ ይሁንብሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

እልፍነሽ፦ …ንጋት።

ሽብሩ፦ ተረቱን ነው ያልኩት።

እልፍነሽ፦ ንጋት አሉ። ወንበሩን ይስጡኝ።

ሽብሩ፦ ይኸው። ተቀመጪ። ውኃ ላምጣልሽ?

እልፍነሽ፦ አይሂዱ። ጋሽ ሽብሩ፣ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ። «ራጅ ክፍል ገብቷል፣ ትንሽ ይጠብቁ» እያልኩ። «ሐኪሙ እያዩት ነው፣ ታላቅ ወንድሙን ጥሩልኝ» እያልኩ። ሰው ሐዘን ይዞ እጁን የት እንደሚያደርግ እንደሚጠፋው አውቃለሁ፤ የእኔም ይጠፋኝ ነበር። ስንቱን አሳምኛለሁ መሰለዎት! እርስዎ ግን መዋሸት ጨርሶ አይችሉበትም።

ሽብሩ፦ አልለመድኩትም።

እልፍነሽ፦ ይታያል።

ሽብሩ፦ እልፌ… ሌሊት ከቦንጋ አስካለች ደውላ ነበር። ባሏ…

እልፍነሽ፦ አይጨርሷት!

ሽብሩ፦ ልጄ…

እልፍነሽ፦ አይጨርሷት አልኩ። እንደ ወጉ ይሁን። ሲነጋ ሽማግሎቹ በሬ ላይ ይቁሙ፣ ጎረቤቶቼ ይከተሉ፣ ያኔ ይነገረኝ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ወንድም እንደሌለኝ ሆኜ ኖርኩ። አንድ ሌሊት ወንድም ይኑረኝ።

ሽብሩ፦ እሺ።

እልፍነሽ፦ እርስዎ ለምን ያለቅሳሉ? ምንም አልነገሩኝም እኮ።

ሽብሩ፦ በደለኛ ነኝ። በሐምሌ «ናፍቃኛለች» ብቻ አልነበረም ያለኝ። «አሞኛል፣ ጉበቴ ነው ይላሉ» ብሎኝ ነበር። «ለእሷ እንዳትነግር» ብሎ አስማለኝ። «ታሞ አስጠራኝ፣ አዝኜለት ሄድኩ እንዳትል፤ ወድዳ ትምጣ» አለኝ። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ። ከዚያ ደግሞ «መንገዱ ሩቅ ነው፣ የግቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢከዳትስ፣ የወልደየስን ልጅ በእጄ ልጣላት?» ብዬ እያንዳንዷን ብሎን ፈትቼ አሰርኩ። ሦስት ሳምንት! አንቺን ከገደል አድናለሁ ብዬ…

እልፍነሽ፦ ይበቃል።

ሽብሩ፦ እኔ ነኝ ያዘገየሁሽ።

እልፍነሽ፦ ሦስቱ ሳምንት የእርስዎ ይሁን፤ ካሉኝ አልከራከርም። አስራ አንዱን ዓመት ግን የትኛው ጋራዥ አዘገየው? ዳማ በየቀኑ ትነሣ ነበር እኮ። ሆስፒታል ስትወስደኝ፣ ገበያ ስትወስደኝ። መሪውን ወደ ግራ እንጂ ወደ ደንገጎ አላዞርኩትም።

ሽብሩ፦ እግዚአብሔር ልብን ያያል። አሁን አዙረሻል።

እልፍነሽ፦ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ለእኔ ብለው አያሳምሩት። እንደምመጣ… ያውቃል?

ሽብሩ፦ «ያውቃል» ነው ያልሽው?

እልፍነሽ፦ እስከ ነገ ድረስ «ያውቃል» ነው።

ሽብሩ፦ እንግዲያስ ስሚ። ትናንት ማታ ለአንቺ «ሙሽራ ሆናለች» ብዬ ስልኩን እንደዘጋሁ ለእሱ ደወልኩ። አስካለች አነሣች፤ «መናገር ያደክመዋል» አለችኝ። «ግድ የለም፣ ጆሮው ላይ ያዢለት» አልኳት። ከዚያ ዳማን አስነሣሁና ስልኩን ከሞተሩ አጠገብ ያዝኩለት።

እልፍነሽ፦ ሰማት?

ሽብሩ፦ ተቋረጠ ብዬ ላጠፋው ስል ድምፁ መጣ። «ጋሽ ሽብሩ፣ አንዷ ካንዴላ እሳት ትስታለች» አለኝ።

እልፍነሽ፦ እውነትዎን ነው?

ሽብሩ፦ ሩፋኤልን! አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር እኔ አልሰማኋትም። እሱ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ ከአገር ዳር፣ በዚያ በሚንኮሻኮሽ ስልክ ሰማት። «አራተኛዋ ትመስለኛለች። ቀይርላት፣ እህቴን መንገድ ላይ እንዳታስቀርብኝ» አለኝ።

እልፍነሽ፦ «እህቴን» አለ?

ሽብሩ፦ «እህቴን» አለ። ወዲያው ፈትቼ አየኋት፤ እውነትም ተቃጥላለች። አዲሷን ጠዋት አስገባለሁ ብዬ ይቺን ኪሴ ከተትኋት። ከዚያ ሌሊት ስልኩ… ይኸውልሽ። አንቺን ለማቆየት የሸሸግኋት መስሎሽ ነበር። ቺንጊያውንና ፍሬኑን ዋሽቻለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ይቺን ግን መጣልም መተካትም አቅቶኝ ነው።

እልፍነሽ፦ ይስጡኝ።

ሽብሩ፦ እጅሽ ይጠቁራል።

እልፍነሽ፦ ይጥቆር።… ከኪስዎ ሙቀት የተነሣ ይሁን፣ ትሞቃለች።

ሽብሩ፦ አልቅሺ ልጄ። እዚህ ማንም አያይሽም።

እልፍነሽ፦ በምን ምክንያት አለቅሳለሁ? ወንድሜ መኪናዬን መርምሮልኝ። ነገ አለቅሳለሁ፤ ነገ አገር እስኪሰማ አለቅሳለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቤት አያስቀምጡኝ። እነዳለሁ።

ሽብሩ፦ ሐዘንተኛ መሪ አይዝም፣ አበስኩ ገበርኩ! እኔ እነዳለሁ። አንቺ ከጎን ትቀመጫለሽ።

እልፍነሽ፦ እርስዎ? ዓይንዎ ታርጋ አያነብም።

ሽብሩ፦ ታርጋ አላነብም፣ መንገድ ግን አነባለሁ። አቶ ተሰማም ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ጎማ ያለው ነገር ላይ ላይወጡ ቢምሉም መድኃኔዓለም ይፈታቸዋል። እንደ ምንም ብለን ብንገሠግሥ ለቀብሩ ባንደርስ እንኳ ለሣልስ…

እልፍነሽ፦ ለእንቁጣጣሽ ይበሉ!

ሽብሩ፦ …ለእንቁጣጣሽ እንደርሳለን።

እልፍነሽ፦ አዎ። ሐልዋውም አይቀልጥም።

ሽብሩ፦ አይቀልጥም። ጥላው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አሁን ቤትሽ ላድርስሽ? ኮፈኑን ልዝጋውና እንሂድ።

እልፍነሽ፦ አይዝጉት። መፍቻውን ለእኔ ይስጡኝና አዲሷን ካንዴላ ያምጧት፤ ወንድሜ «ቀይርላት» ብሎዎት የለ? እስኪነጋ ድረስ የሕያው ሰው ትእዛዝ ነው።