ከደረት ውስጥ የሚያንኳኳው

ሰዓቴ ቆሞብኝ ወደ ጎረቤቴ ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ጎራ ብል፣ የግድግዳ ሰዓቶቹ ሁሉ ቆመዋል። ሽማግሌው ወለሉ ላይ በግራ ጎናቸው ተጋድመዋል። ሐኪም የሆነችው የወንድማቸው ልጅ አጠገባቸው ተንበርክካ ደረታቸውን በማዳመጫ ታዳምጣለች።

«መምህር፣ እንኳን መጡ! እስቲ ይፍረዱን» አለችኝ። «አጎቴ ሲነሱ ራሳቸውን ይስታሉ፤ ሲተኙ ይመለስላቸዋል። ትናንት የልብ ምስል ተነሡ፤ ልባቸው ውስጥ ዕጢ በቅሏል። ልብ ላይ ዕጢ እምብዛም አይታይም። በቀጭን ግንድ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝና የደሙን መተላለፊያ ይደፍናል። ለነገ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አስይዤ ነበር፤ እምቢ አሉኝ። አንድ ቀን እንደተደፈነ ይቀራል።»

«ዕጢ አይደለም» አሉ ሽማግሌው ረጋ ብለው። «ባለቤቴ ናት።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት።

«ምሳ ሲደርስ ከጓዳ ሆና ግድግዳውን በማንኪያ ታንኳኳልኝ አልነበር? በሞተች በዓመቷ ከውስጤ ማንኳኳት ጀመረች። ሰዓቶቹንም ያቆምኳቸው እሷን ልስማ ብዬ ነው።»

ልጅቱ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካችልኝ። ዱብ፣ ዱብ፤ ከዚያ አንዲት ለስላሳ ኳ። ያቺን ማንኪያ እኔም ቤቴ ሆኜ በጋራ ግድግዳችን በኩል ሃያ ዓመት ሰምቻታለሁ። ጸጉሬ ቆመ። ተማርኩ ባይ መሆኔም አላዳነኝም።

«አጎቴ» አለች፣ «ደንበኛ ትርፍ ድምፅ የሚያሰማ ሰዓት ቢያመጣልዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እከፍተዋለሁ።»

«ድምፁን ወድጄዋለሁ፣ ተወው ቢልዎስ?»

«ሊቆምብህ ነው፣ ሞኝ አትሁን እለዋለሁ» ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ ብትከፍቱኝ አውጥታችሁ ትጥሏታላችሁ። ሁለተኛ ልቀብራት አልችልም።»

«እሷ የምታንኳኳው ተነሥተው እንዲበሉ ነበር። ይሄ ግን በተነሡ ቁጥር ይጥልዎታል። እሷ እንዲህ ታደርግዎታለች?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። «እሷስ አትጥለኝም» አሉ በመጨረሻ። «ውሰጂኝ።»

ዕጢው ወጣ፤ ክፉው ዓይነት አልነበረም። ዛሬ ደረጃ ይወጣሉ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይሠራሉ፣ ሰዓቶቹም እንደገና መቁጠር ጀምረዋል። አንባቢ ሆይ፣ ከሰውነትህ የማታውቀው ድምፅ ቢመጣ አንተው ስም አታውጣለት፤ ለሐኪም አሰማው። እኔም ከዚያ ወዲህ ደረቴን ተመርምሬያለሁ።

ባለፈው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ቤቴ ተቀምጬ ሳለ ከግድግዳው ያቺው ድምፅ መጣች፤ ኳ። ላብ አጠመቀኝ። ሄጄ በራቸውን ከፈትኩ። ሽማግሌው ማንኪያ ይዘው ግድግዳው ሥር ቆመዋል።

«ምሳ ደርሷል» አሉኝ። «ብቻዬን መብላት አልቻልኩም።»