ዜሮ ያለው ኮምፒውተር

ቡሬ አጠገብ ባለ አንድ የመስኖ ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ለየቦዩ ስንት ውሃ እንደሚለቀቅ የሚያሰላ ፕሮግራም ነበረን። አንድ ጠዋት አያ ስማቸው የሚባሉ ገበሬ የጠወለገ ሽንኩርት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ምነው ልጄ፣ ምን በደልሁና ውሃዬን ዘጋችሁብኝ?» አሉኝ። ፕሮግራሙን ከፍቼ ሳየው ለእሳቸው ቦይ ዜሮ ብሏል። ለካ የእሳቸውና የጎረቤታቸው ቦይ በአንድ መለኪያ ስለሚለኩ ፕሮግራሙ የሚያሰላባቸው ሁለት እኩልታዎች አንድ ዓይነት ሆነዋል፤ ድምሩ እንጂ የየብቻቸው ድርሻ ሊገኝ አይችልም። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ደግሞ መፍታት ሲያቅተው ዜሮ ብሎ እንዲያልፍ አድርጎታል። እንዴ! አላውቅም ማለትና ውሃ አትስጡ ማለት አንድ ነው እንዴ? የቦዩ ጠባቂ ዜሮ ሲባል ምን ያድርግ፣ ዘጋዋ!

እዚያው ቁጭ ብዬ አስተካከልሁት። መፍታት ሲያቅተው «ማስላት አልቻልሁም፤ ቦዩን ሄዳችሁ እዩ» እንዲል አድርጌ ውጤቱን አተምሁት። ኃላፊያችን ወረቀቱን እያውለበለበ መጣ።

«ማነው ኮምፒውተሩን አልቻልሁም ያስባለው? ይህን ለበላይ አካል ልላክ? ቁጥር አስገባበት!»

«ኧረ ቁጥሩ የለም እኮ!»

«ዜሮስ ቁጥር አይደለም?» አለና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው።

አያ ስማቸው ውሃው ሳይለቀቅ አልሄድም ብለው በሩ ላይ እንደቆሙ ነው። ሽንኩርቱን አንስቼ ወረቀቱ ላይ ዘረገፍሁለት።

«እንግዲያውስ ዜሮ የጠጣው ሽንኩርት ይኸውልዎ፤ እሱንም አባሪ አድርገው ይላኩት!»