የአቶ ገሠሠ ደንበኛ

ሰው በገዛ እጁ የሠራው ቤት ቢያፈስበት እንኳ፣ ሌላው መጥቶ «ያፈሳል» ሲለው አይወድም። አቶ ገሠሠም እንዲሁ ነበሩ። በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ መሐል ሜዳ መናኸሪያ የደብረ ብርሃኑ ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጠው ሳለ ከጽሕፈት ቤት ተደውሎ ስልካቸው ጮኸ። «መስመሩ እንደተዘጋ ነው? እየመጣሁ ነው አልኳችሁ እኮ» ብለው ዘጉት። ድካሙ ከድምፃቸው ይሰማ ነበር።

አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት ይህን ሰምታ ኖሮ፣ ጥቂት አመንትታ የበግ አርቢዎቹን ዩኒየን ፕሮግራም የሠሩት አቶ ገሠሠ መሆናቸውን ጠየቀቻቸው። መሆናቸውን ሲነግሯት፣ ስሟ ጽናት እንደሚባል፣ ዩኒየኑ በቅርቡ እንደቀጠራት፣ ሥራዋም ለፕሮግራሙ አዲስ ደንበኛ መምረጥ እንደሆነ ሳትደብቅ ተናገረች። አቶ ገሠሠ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ማስረዳት ይገባል። በሽታ ሲነሣ የየቀበሌው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ በእጅ ስልኩ መልእክት ይጽፋል፤ መልእክቱ ደብረ ብርሃን ካለው ዋና ኮምፒውተር ሲደርስ ክትባት ይላካል። መልእክቱን ከስልኩ ተቀብሎ በኔትወርክ የሚያደርሰውን የፕሮግራም ክፍል ባለሙያዎች «ክላየንት» ይሉታል፤ አቶ ገሠሠ ግን አማርኛ ወዳድ ናቸውና «ደንበኛ» ብለው ሰየሙት። ባለፈው ክረምት ዘመሮ በተባለው መንደር የበግ ፈንጣጣ ገብቶ መልእክቱ አላልፍ ቢል፣ የጤና ሠራተኛው ጫኔ ወደ ዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ደውሎ «ደንበኛው እምቢ ብሎኛል» አለ። ስልኩን ያነሣው ሰው «ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ በትሕትና አነጋግረው» ብሎ መከረውና መስመሩ ተቋረጠ። ነገሩ እስኪገባቸው ፈንጣጣው መንደሩን አዳርሶ ነበር። በጎቻቸው ካለቁባቸው አንዷ የአቶ ገሠሠ እህት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ነበሩ። የፕሮግራሙ ቁልፍ፣ ማለትም የይለፍ ቃሉ፣ በአቶ ገሠሠ እጅ ስለሆነ፣ እሳቸው ካልፈቀዱ ዘመሮ ለመጪውም ክረምት በዚያው ደንበኛ መተማመኑ ነው።

አቶ ገሠሠ ክርክሩን የጀመሩት በዝግታ ነበር። ደንበኛውን ብቻቸውን፣ ከመደበኛ ሥራቸው በተረፈ ጊዜ እንደጻፉት፣ እያንዳንዷን መስመር እንደሚያውቋት ነገሯት። «አንቺ የምታመጪውን ግን የማን ልጅ እንደጻፈው አታውቂም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ። ጸሐፊዎቹንም በአካል አላውቃቸውም» አለች ጽናት። «ግን ብዙ ናቸው፤ ሥራቸውን ማንም እንዲያየው በግልጽ አስቀምጠውታል። አንዱ ሲደክመው ሌላው ያርመዋል። የእርስዎን የሚያርመው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እርስዎ ቢታመሙስ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለም?»

አቶ ገሠሠ ታመው ያውቃሉ፤ ያን ጊዜም ያረሙት አልጋ ላይ ሆነው ነው። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉምና፣ የዘንድሮ ወጣቶች የሰሞኑ ወሬ የሆነውን ሁሉ ያነሣሉ ብለው ወቀሷት። ጽናት በወቀሳው ተስማማች። እሷም ከሞከረቻቸው ደንበኞች አንዱን የተወችው በጣም ቢሞገስም የጫኔ አሮጌ ስልክ ስለማይችለው ነው፤ ሌላውን የተወችው ሠሪዎቹ ከረሱት ስለቆዩ ነው። ፈተናዋ ቀላል ነበር፤ መልእክት እየሄደ ሳለ ኔትወርኩን ታጠፋና የእያንዳንዱን ጠባይ ታያለች። መልእክቱን ይጥለዋል ወይስ ያቆየዋል? አንዱን መልእክት ሁለት አድርጎ ያደርሳል? ደኅና ቀንማ ሁሉም ደኅና ነው አለቻቸው።

«የእርስዎ ደንበኛ ከዋናው ኮምፒውተር መልስ ሲያጣ ምን ያደርጋል?»

«እንደገና ይሞክራል።»

«ምን ያህል ቆይቶ?»

«ወዲያው ነዋ። የአደጋ ወሬ ይዞ ምን ይጠብቃል?»

«ጉም ገብቶ ኔትወርኩ ጠፍቶ ሲመለስ፣ የዘመሮም የግሼም ስልክ ሁሉ ባንዴ ይጋፋል፤ መስመሩ የሚዘጋው በዚያ ነው። ጋሼ፣ ሌላው አገር ሲራቆት የጋራው የሣር መሬት ጓሳ እስካሁን ሣር ያለው ለምንድን ነው?»

አቶ ገሠሠ ከአባታቸው ጀምሮ በጓሳ ድርሻ ያላቸው ሰው ናቸው። «ስለሚዘጋ ነዋ» አሉ። «ተከፈተ ሳይባል ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም። ሁሉም በፈለገው ቀን ቢገባበትማ…»

የራሳቸው ቃል ጆሯቸው ገባ። ሚኒባሱ ሞልቶ፣ ረዳቱ በሩን ዘግቶ፣ ከተማውን ለቀው ወጡ። እህታቸው ባዶ ጋጣ በር ላይ ቆመው የነበረበት ቀን ትዝ አላቸው።

«ለካ ደንብ የሌለውን ነገር ነው ደንበኛ ብዬ ስጠራ የኖርኩት» አሉ በመጨረሻ።

ጽናት አልሳቀችም። የመረጠችው መልስ ሲያጣ ጥቂት እንደሚታገሥ፣ ደግሞ ቢያጣ ከፊተኛው አብልጦ እንደሚታገሥ፣ ስልኮቹም እንዳይጋፉ የእያንዳንዱ ቆይታ የተለያየ እንደሆነ፣ መልእክቱም እስኪደርስ ከስልኩ እንደማይጠፋ አስረዳቻቸው። ኔትወርክ የት የት እንደሚጠፋ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ እንዲያግዟት ለመነቻቸው። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ አቶ ገሠሠ የፕሮግራሙን ቁልፍ አስረከቧት፤ አዲሱንም «መልእክት አድራሽ» በይው አሏት።

ሐምሌ ላይ ፈንጣጣው ዘመሮን ደግሞ ጎበኘ። ጫኔ በጉም ውስጥ ሆኖ መልእክቱን ጻፈና ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ በጎቹ ሄደ፤ ኔትወርኩ ሲመለስ መልእክቱ ራሱ ሄደ፤ ክትባቱም በጊዜው ደረሰ። እንግዲህ ፕሮግራም የምትሠሩ ሁሉ፣ መሣሪያ ስትመርጡ «የእኔ ነው» ወይም «የሰሞኑ ነው» አትበሉ። በክፉ ቀን ጠባዩ እንዴት እንደሆነ፣ ሲሰበርም የሚጠግኑት ብዙዎች መሆናቸውን ጠይቁ። እንዲህ ያደረገ የገበሬውን በግ ያድናል፤ የራሱንም ዕድሜ አይጨርስም።

አቶ ገሠሠ ወሬውን የሰሙት በጎቹ ከተከተቡ በኋላ ከእህታቸው ነው። ከጽሕፈት ቤት የደወለላቸው አልነበረም። ሰው ሳይፈለግ ሲቀር ቅር ማለቱ አይቀርምና ለአፍታ ቅር አላቸው። ከዚያ ግን ገና በቀትር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ፤ የቀሰቀሳቸውም የለም።