ሞራው

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮና ሽማግሌ የተዋወቁት መንገድ ላይ ነው።

«ውሃ አበዛሽ ልጄ።»

«ይጠማኛል አባቴ። ሌሊትም ለሽንት ስመላለስ ነው የሚነጋው።»

«ስኳር አለብሽ?»

«ነበረብኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ስቤን በቀዶ ጥገና አስወጣሁ። ይኸው ቀሚሴ ሁሉ ሰፋኝ።»

«ኪኒኑስ?»

«ተውሁት። ስኳሩን ያመጣብሽ ውፍረቱ ነው ሲሉኝ አልነበር? ውፍረቱ ከወጣ ለምን እውጣለሁ?»

«ሐኪሙ ነው ተይው ያለሽ?»

«እሱንስ አልጠየቅሁትም።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞር አሉ።

«የመንደራችንን ቅርጫ የማርደው እኔ ነኝ። የበሬ ስብ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከቆዳው ሥር ነው፤ ሞራው ግን ውስጥ አንጀቱን ሸፍኖ ይቀመጣል። ላንቺ ያወጡልሽ የቱን ነው?»

«ከቆዳ ሥር ያለውን ነው ያሉኝ።»

«እንግዲያ ሞራው ውስጥሽ አለ፤ ስኳሩም አልወጣ ይሆናል።»

«አባቴ፣ አያስፈራሩኝ።»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን እንደደረስን ቤት ሳትገቢ ሆስፒታል ሂጂ።»

«ብቻዬን እፈራለሁ።»

«አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ከቡሬ ከተነሳን ወዲህ የጨረሰችው ሦስተኛ የውሃ ጠርሙስ ከወንበሯ ሥር ተንከባሎ ሲመጣ፣ እግሬን ሰበሰብሁ።