አንድ ወይን፣ ሦስት ብርጭቆ
የደርግ ጆሮ ሮም ድረስ በሚሰማበት ጊዜ ግብዣም ያስፈራ ነበር። በቅርብ የተዋወቅኩት አንድ ያገሬ ልጅ ኤስኲሊኖ ሰፈር ካለ መጠጥ ቤት ወስዶ ሦስት ብርጭቆ ቀይ ወይን አስቀዳልኝ። አንዱ አፍ ያደርቃል፣ አንዱ ማር ነው፣ አንዱ እንደ ቢራ አረፋ አለው። “ሦስቱም አንድ ወይን ናቸው” አለኝ።

“ታሾፍብኛለህ?”

“ፍሬውን ማለቴ ነው። ቼዛኔዜ ይባላል፤ ጠማቂው እንደፈለገ ያደርገዋል።”

ምላሴን ሊፈታበት ይሆናል ብዬ ከንፈሬን ብቻ አስነካሁ። እሱ ግን ብርጭቆውን አንስቶ፣ “በይ የሺእመቤት፣ ለጤናችን!” አለ።

ክው አልኩ። ሮም ውስጥ ከአሠሪዬ ከሲኞራዋ እስከ ጓደኞቼ የሚያውቁኝ ማሪያ በሚለው ስም ነው። የሺእመቤት የሚል ስም ያለው፣ ለማደስ ኤምባሲያችን ባስገባሁት ፓስፖርት ላይ ብቻ ነው። ቦርሳዬን አነሳሁና፣ “አንተስ ከሦስቱ የትኛው ነህ?” ብዬው ወጣሁ።