ጉልበት ይሆናታል ብዬ

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ አማትና ምራቷ መድኃኒት ቤቴ ባልገቡ ነበር። አማቲቱ ሕፃን ታቅፈዋል። ልብስ ሰፊዋ ምራታቸው የቆርቆሮ መጠጥ ይዛ፣ ዐይኗ ደም መስሎ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሕፃኑ ዝም አለ ሲባል ብርግግ ብሎ እንደገና ይጮኻል።

«ልጄ፣ ከገባን አይቀር የሚያስተኛ ሽሮፕ ስጪኝ» አሉኝ አማቲቱ። «የዚህች ወተት ክፉ ነው፤ ጡት ላስጥለው ነው።»

«ለሕፃን ማስተኛ አልሰጥም፣ እማማ። እህቴ፣ ይሄን መጠጥ በቀን ምን ያህል ትጠጫለሽ?»

«የሰጡኝን ያህል» አለች ቀና ሳትል።

«ምን ነውር አለው?» አሉ አማቲቱ። «ቡና ለአራስ አይሆንም ብዬ ከለከልኳት። ይሄ ግን ኃይል ሰጪ ነው ሲሉኝ፣ ጉልበት ይሆናታል ብዬ በገዛ እጄ አመጣሁላት።»

የዋህነታቸው አንጀቴን በላው። ባለማወቅ የተሠራ ደግነት ከክፋት እኩል ይጎዳል።

«እማማ፣ ከቡናው ሸሽተው የባሰው ላይ ወደቁ። የቡናው ካፌይን እዚህም አለ፤ በወተቷም ወደ ልጁ ያልፋል። የጨቅላ ሰውነት ቶሎ አያስወጣውም፤ እየተደራረበ እንቅልፍ ይነሳዋል።»

«ጎረቤቴ ቡና እየጠጣች አላሳደገችም?»

«አንድ ሁለት ስኒ ቡና አብዛኞቹን ሕፃናት አይጎዳም። ይሄ ግን ለሕፃን ደኅንነታቸው በቅጡ ያልታወቀ ሌሎች ነገሮችም አሉበት፤ ለምታጠባ እናት አይመከርም። መጠጡን እንጂ ጡቱን አያስጥሉ። ልቅሶው ካልቀነሰ ሐኪም ይየው።»

«ካልጠጣሁ እኮ የስፌት መኪናው ላይ እተኛለሁ!» አለች ምራቲቱ ከግድግዳው ተላቃ። «ሌሊቱን ብቻዬን ነው የማባብለው። ልጅዎ ‹ሥራ አለበት› ተብሎ ይተኛል። እኔስ ጠዋት ወዴት ነው የምሄደው? ጎረቤት ሰብስበው ወተቷ ክፉ ነው ሲሉኝ አምኜዎት ነበር። ባጠባሁት ቁጥር ልጄን የምመርዘው ይመስለኝ ነበር።»

አማቲቱ ቆርቆሮውን ከእጇ ተቀብለው ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣሉት።

«ወንድ ልጅ ሕፃን አያባብልም ብዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ይነሳል። እሱ ሲደክመው እኔ አለሁ።»

ቃላቸውን አላጠፉም። ከሳምንታት በኋላ አማቲቱ ብቻቸውን መጥተው ሁሉን ነገሩኝ። ሕፃኑ እንቅልፉ ተስተካክሏል፤ ጡቱን ይጠባል፤ አባትዬው በተራው ይነሳል፤ ምራቲቱም ያለዚያ መጠጥ ስትሰፋ ትውላለች። እናት የምትበረታው በቆርቆሮ ሳይሆን ሸክሟን በሚካፈላት ሰው መሆኑን ቤቱ ሁሉ ተምሯል።

«እንኳን ደስ ያለዎት!» አልኳቸው።

«ልጁስ ተኛ» አሉ ወደ ደጅ እያዩ። «እሷ ግን ጎረቤት ፊት ያልኳትን አልረሳችም፤ ድሮ እናቴ ነበር የምትለኝ፤ ዛሬ አንቱ ብቻ ሆኛለሁ።»